ወደ አክራ የሚመልሰው መንገድ

«ጆሮው ላይ ነው የዘጋችበት እያልኩሽ ነው እማዬ! ወንድሜ እየሞተ እያለ ስልኩን ጆሮው ላይ ጠረቀመችበት። ከዚያ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታ፣ ትዝ ሲላት፣ መልሳ ደወለች። ስልኩን በእጄ ይዤ በዓይኔ ነው ያየሁት። እና የእሷን ስም ነው ከእሱ ስም ስር የምናጽፈው? ሞቼ ነው ቆሜ!»

አራባ ይህን የሰማችው ወጥ ቤቷ ውስጥ፣ ለሻይ ውሃ ጥዳ ቆማ ሳለች ነው። የባሏ ታላቅ እህት ኤውራማ ጓሮ በረንዳው ላይ ተቀምጣ፣ አፓም ካሉት እናቷ ጋር በስልክ ታወራለች። እናትየው ጆሯቸው ስለከበደ ኤውራማ እሳቸውን ስታናግር ሁልጊዜ ትጮሃለች። በእሷና በአራባ መካከል ያለው የትንኝ ወንፊት የተወጠረበት መስኮት ብቻ ነው። ማንቆርቆሪያው ሊያፏጭ ሲል አራባ ጋዙን አጠፋች። መስማቷ እንዲታወቅ አልፈለገችም። በደንብ ያልፈላውን ውሃ ሁለት ኩባያ ላይ ቀዳችና የሻይ ከረጢት ጨመረችበት። ሻዩ ቀለም እስኪያወጣ ብዙ ጊዜ ፈጀ፤ እሷም ኩባያዎቹን እያየች ቆመች።

ኤውራማ ትናንት ማታ ከካሶዋ የመጣችው ለሐዘን ፖስተሩ የሚሆን ፎቶ ልትመርጥ ነበር። ፎቶዎቹ አሁንም የመመገቢያ ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጉ ናቸው። የተመረጠው ከሌሎቹ ተለይቶ በፖስታ ውስጥ ተቀምጧል፤ ባሏ ኤኮው በአጎቱ ልጅ ሠርግ ላይ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሊስቅ ሲል የተነሳው ነው። በቀኝ ትከሻው ላይ ቀለበት ያለው የሴት እጅ አለ። ትናንት ማታ ኤውራማ እጁን በጣቷ ሸፍና ፎቶውን ከሩቅ አየችውና «ይሄን አታሚው ያጠፋዋል፣ አሁን በኮምፒውተር የማይጠፋ ነገር የለም» አለች። እዚያ አገር ሰው ያለ ፖስተር አይቀበርም። አጥር ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ መብራት እንጨት ላይ ይለጠፋል፤ የሚያልፈው ሁሉ ቆሞ የሟቹን ዕድሜ ያያል፣ ከዚያ ወደ ታች ወርዶ እናት፣ እህት፣ ሚስት፣ የእህት ልጆች እያለ ማን እንዳለና ማን እንደቀረ ያነባል። ስሟ ያልተጻፈ ሚስት ለቀብር ስትመጣ ወንበር የሚሰጣት ከእንግዶች ጋር ነው። አስከሬኑ ገና ከሬሳ ማቆያ አልወጣም። ቀብሩ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ቤተሰቡ ወስኗል፤ የፖስተሩ ፎቶና ጽሑፍ ደግሞ ዛሬ አታሚው ሳይዘጋ መድረስ አለበት።

ሻዩን ይዘው ተቀመጡ። ኤውራማ ዳቦዋን ሻይ ውስጥ እየነከረች የአራባን ጥቁር ቀሚስና አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን የመሥሪያ ቤት መታወቂያ ተራ በተራ ተመለከተች። የቤተሰቡ አሮጊቶች ባሏ ሳይቀበር ሥራ ገባች ብለው ያሙ እንደነበር አራባ ታውቃለች።

«ዛሬም ልትሄጂ ነው?»

«ዛሬ በካሶዋ በኩል ነው የምናልፈው። ከፈለጉ እግረ መንገዴን ሱቅዎ በር ላይ ላድርስዎት።»

ኤውራማ የዳቦውን ፍርፋሪ ከጠረጴዛው ላይ ሰበሰበች። «ትሮትሮው ዋጋ ጨምሯል፤ ረዳቶቹም አፋቸው አያርፍም» አለች በመጨረሻ፣ ግብዣውን የተቀበለችው ሚኒባሱን ሽሽት ብቻ እንደሆነ እንዲታወቅላት።

የመሥሪያ ቤቱ መኪና ሾፌር ላርቴይ ጡረታ የደረሰ፣ ዝምታ የማይወድ ሰው ነው። የኋላውን በር ከፍቶ ለኤውራማ ቦታ ሲያደላድል «እናቴ፣ ሽቦው ላይ እንዳይቀመጡ አደራ» አላት። «አምና አንድ ኢንጂነር ተቀምጦበት፣ ይኸው እስከ ዛሬ ሲያስነጥሰው እንደ ስልክ ይጮሃል።» ኤውራማ ሳትወድ ፈገግ አለችና ፖስታውን ደረቷ ላይ ታቅፋ ገባች። አራባ ከፊት ተቀምጣ ኮምፒውተሩን ጭኗ ላይ ከፈተች። መኪናው ፊት ለፊት፣ ከመስተዋቱ ስር፣ አራት ስልኮች በብረት ማቀፊያ ውስጥ በተርታ ተሰክተዋል። መኪናው ሲንቀሳቀስ ስልኮቹ በራሳቸው ይደውላሉ፣ ትንሽ ያወራሉ፣ ይዘጋሉ፣ እንደገና ይደውላሉ። የሚያወራው የተቀዳ የወንድ ድምፅ ነው። «ልጁ ሰማያዊውን ጀልባ ወደ ዳርቻው ጎተተ» ይላል፤ ጥቂት ያርፍና ያንኑ ይደግማል። አራባ በኮምፒውተሩ ላይ ድምፁ የት እንደጠራ፣ የት እንደሻከረ፣ የት እንደተቆረጠ ትከታተላለች።

ማላም መገናኛው ጋ መኪናው ሁሉ ቆሞ ነበር። በመስኮቱ በኩል ውሃ፣ የጥርስ ብሩሽና የልጆች ፊደል ገበታ ያለፈው ሻጭ ሁሉ ጀልባውን ሰማ።

«እኔ ምለው» አለች ኤውራማ፣ «ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው ጀልባውን የሚደጋግመው?»

«ስድስት ዓመት ሙሉ ሲጎትት ነው የማውቀው፣ እናቴ» አለ ላርቴይ። «ዳርቻው አልደረሰም።»

«ደመወዙን ግን ይበላል።»

«እሱስ ይበላል!»

ሁለቱ ሳቁ። ኤውራማ ዘና ብላ ወደፊት ጠጋ አለችና ስልኮቹን ቆጠረቻቸው። «ይሄን ሁሉ ስልክ ስታስወራ የምትውል ሴት ታዲያ...» ብላ ጀመረችና ተወችው። ላርቴይ ጉሮሮውን ጠርጎ መንገዱን አየ። ከዚያ እስከ ካሶዋ ድረስ በመኪናው ውስጥ የተናገረው የጀልባው ሰውዬ ብቻ ነበር።

አራባ በኩማሲ ዩኒቨርሲቲ የተማረችውና ከዚያ ወዲህ የሠራችው ሥራ ለሌላ ሰው ሲነገር ቀላል ነው። ሰው እየሄደ በስልክ ሲያወራ አንድ ታወር ይዞት አይዘልቅም። የያዘው ታወር እየራቀ ሲሄድ ለሚቀጥለው ያስረክበዋል፤ ያ ደግሞ ለሌላው። ርክክቡ በደህና ሲሆን የሚያወሩት ሰዎች ምንም አይታወቃቸውም። እንዲረከብ ግን የያዘው ታወር የሚቀጥለውን ጎረቤቴ ነው ብሎ ማወቅ አለበት። ካላወቀው፣ ጥርት ያለ አዲስ ታወር አጠገቡ ቆሞ እያለ፣ ደካማውን መስመር ጨብጦ ይቆይና መስመሩ እጁ ላይ ይሞታል። የአራባ ሥራ እንዲህ ያሉ ቦታዎችን በመኪና እየዞሩ መፈለግ ነው። ኤኮው ከሞተ ወዲህ በዚህ መንገድ ሁለት ጊዜ አልፋለች። ሁለቱንም ጊዜ፣ እሱ ልቡ ቀጥ ብሎ መኪናው ውስጥ ሞቶ ከተገኘበት ቦታ ትይዩ ስትደርስ፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ አላነሳችም፤ መስመሩም አንዴም አልተቆረጠም። እሷ እንዳልዘጋችበት ታውቃለች። መስመሩ ደህና ከሆነ ደግሞ የዘጋው እሱ ነው ማለት ነው። ይህን ሐሳብ ለማንም አልተናገረችም። ኤውራማ የምትላትን ስትሰማ የምትቆጣው፣ ግን የማትመልሰው፣ በዚህ ምክንያት ነበር።

የኤውራማ ሱቅ ካሶዋ ገበያ ማዶ፣ ዋናው መንገድ ላይ ነው። ቧንቧ፣ የውሃ ታንከርና የመታጠቢያ ቤት ዕቃ ትሸጣለች። ከመኪናው ወርዳ በሩን ሳትዘጋ ቆመች።

«ከዚህ አልፈሽ ስትሄጂ ታይዋለሽ ቦታውን?»

አራባ ኮምፒውተሩን አየች።

«አታይውም። እሱ የቆመው በወዲያኛው መስመር ነው፤ ወደ አክራ በሚመጣው። አንቺ በዚህኛው ነው ሁልጊዜ የምትሄጂው።» ፖስታውን ከአንዱ ብብቷ ወደ ሌላው አዛወረች። «አታሚው አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። እማዬ ያለችው ነው የሚሆነው። እኔ ክፉ ሆኜ አይደለም።»

«አውቃለሁ እትዬ ኤውራማ።»

«ምን ታውቂያለሽ!» አለችና በሩን ዘጋችው።

ከካሶዋ ወጥተው አዲሱ ማደያ ያለበትን ቁልቁለት ሲወርዱ ጀልባው ሳይደናቀፍ አለፈ። አራባ በዚህ ጊዜ ቀና ብላ ማዶውን አየች፤ ኮኮናት ሻጮች፣ የተቃጠለ ሣር፣ ወደ አክራ የሚጎተቱ ሚኒባሶች። ከዚያ እስከ ዊኔባ መገንጠያ ድረስ መንገዱ እንደወትሮው ነበር። እዚያ ሲደርሱ ላርቴይ መኪናውን ጥላ ስር አቆመና ኬንኬና የተጠበሰ ዓሣ ገዝቶ መጣ። «አምስት ሴዲ!» አለ በቆሎውን ሊጥ ከቅጠሉ እየፈታ። «ለዚህች ጡጫ ለምታክለው! ማዳም፣ የሚያስወፍረን ነገር ጠፋ እኮ።» በልቶ እጁን ታጠበና እንደ ልማዱ ወደ መሣሪያው ማጥፊያ እጁን ሰደደ። ሁልጊዜ የሚያደርጉት ይህንን ነው። ጠዋት እየለኩ ይሄዳሉ፤ ጫፍ ሲደርሱ መንገዱ አለቀ ይባላል። ሲመለሱ መሣሪያው ይጠፋል፣ ላርቴይ የኳስ ወሬ ይከፍታል፣ አራባ አንገቷን መቀመጫው ላይ አስደግፋ ታሸልባለች። እሷ ብቻ ሳትሆን መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያለ ኢንጂነር ሁሉ የሚሠራው እንደዚህ ነው። ከአክራ የሚወጣው መንገድ ሁሉ ተለክቷል። ወደ አክራ ሲገባ የለካ ሰው መኖሩን አታስታውስም።

«ተወው ሚስተር ላርቴይ፣ አታጥፋው።»

«ለምን?»

«እየለካን እንመለሳለን።»

«ማዳም፣ ያው መንገድ እኮ ነው! ሲመለሱበት ይቀየራል እንዴ?» አለና ፊቷን አይቶ እጁን ሰበሰበ። «እሺ። ጀልባውን ይዘን እንግባ።»

ወደ ማደያው ሽቅብ መውጣት ሲጀምሩ ከሰዓት ሆኗል። ድምፁ መጀመሪያ ሻከረ፤ ጉሮሮውን ውሃ እንደሞላው ሰው ሆነ። «ልጁ ሰማያዊውን ጀ...» አለና ጠፋ። ሁለተኛውም ስልክ፣ ሦስተኛውም፣ አራተኛውም አንድ በአንድ ዝም አሉ። መኪናው ውስጥ የቀረው የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነበር። ላርቴይ አራባን አየ። አራባ ኮምፒውተሩን አየች። ከዚያም በስተቀኝ በኩል ያለውን ኮኮናት የሚሸጥበትን የመንገዱን ዳር አየች፤ የኤኮው መኪና የፍሬቻ መብራቱ እያበራ ቆሞ የተገኘው እዚህ፣ ከዚህች ቦታ አንድ መቶ እርምጃ እንኳ ሳይርቅ ነበር።

«ዙር» አለችው።

ዞረው ቁልቁል ወረዱ፤ አልተቆረጠም። ዞረው ሽቅብ ወጡ፤ ተቆረጠ። ላርቴይ ሳይጠየቅ አንድ ጊዜ ደገመው፤ እንደገና እዚያው ቦታ ላይ ተቆረጠ። ከዚያ ማደያው ግቢ ገብቶ ሞተሩን አጠፋ። ቀልድ አላመጣም። ባርኔጣውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

አራባ በመሥሪያ ቤቱ ዋና ማዕከል ተረኛ ለሆነው ለሴሎርም በራሷ ስልክ ደወለች። ሴሎርም ከሩቅ ሆኖ በየታወሩ ላይ የተጻፈውን የሚያይና የሚያስተካክል ሰው ነው። ብዙ አልፈጀበትም።

«አገኘሁት ማዳም አራባ። ማደያው ጋ ያለው አዲሱ ታወር የካሶዋውን አያውቀውም። የካሶዋው ግን እሱን ያውቀዋል። ሲተክሉት አንዱን ወገን ሞልተው ሌላውን ረስተውታል። ስንወጣ የምንለካው ነው ደህና ሆኖ የታየን።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰው አቤት ሲል ደግሞ መንገዱ ተጨናንቆ ነው እያልን ነበር። የካሶዋውን ላስገባለት? ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።»

«ጠብቀኝ» አለችው።

«ምኑን ነው የምጠብቀው?»

«እደውልልሃለሁ ሴሎርም።»

ከዚያ ኤውራማ ጋ ደወለች። ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተነሳ፤ ከጀርባ የብረት መጋዝ ይጮሃል። ሰው እያስተናገድኩ ነው፣ ምንድን ነው፣ አለች ኤውራማ። አራባ ማደያው ጋ እንድትመጣ፣ የምታሳያት ነገር እንዳለ ነገረቻት።

«የሚታየውን አይቻለሁ። ስልኩን አይቻለሁ።»

«ይሄን አላዩትም። እባክዎ እትዬ ኤውራማ። ላርቴይ ይመልስዎታል።»

«ቧንቧ የሚያስቆርጥ ሰው አለብኝ። እሱን ልሸኝ። ግማሽ ሰዓት ጠብቂኝ።»

አራባ ጠበቀች። ልታደርግ ያሰበችው ቀላል ነበር። ኤውራማን ከኋላ አስቀምጣ፣ የራሷን ስልክ በጆሮዋ አስይዛ፣ ሽቅብ ይወጣሉ። መስመሩ ኤውራማ እጅ ላይ ይሞታል። በወረቀት ብታመጣላት የአንቺው መሥሪያ ቤት ወረቀት ነው ትላለች፤ በጆሮዋ የሰማችውን ግን ምን ልትለው ትችላለች? ለዚህ የሚያስፈልገው ታወሩ ግማሽ ሰዓት ያህል እንደተበላሸ መቆየቱ ብቻ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ተበላሽቶ የኖረ ነገር ነው። ማደያው ጥላ ስር ተቀምጣ ይህን ለራሷ ደጋግማ ነገረችው፤ ትክክል መሰላት።

ሽቅቡ ላይ መኪኖቹ ተደርድረው በዝግታ ይጎተታሉ። በመስኮታቸው የሚታየው ሰው ግማሹ ስልክ ጆሮው ላይ አድርጓል። አራባ ከዚህ በፊት አይታ የማታውቀውን ነገር አየች። እዚያች ቦታ ሲደርሱ፣ አንዱ ቀደም አንዱ ዘግየት እያለ፣ ስልኩን ከጆሮው ያነሳና ያየዋል። ከዚያ መልሶ ይደውላል። ማንም አይገረምም። አንድ ሰማያዊ ትሮትሮ ከፊቷ ሲደርስ ቆመ። በመስኮቱ ጥግ የተቀመጠች፣ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ልብስ የለበሰች ሴት በአንድ እጇ አፏን ከልላ ትጮሃለች። «ለማንም እንዳትከፍቺለት! ቢያለቅስም እንዳትከፍቺ፣ ሰማሽኝ? እኔ እስክመጣ... ሃሎ? ሃሎ! ልጄ! ሃሎ?» ስልኩን አየችው። መልሳ ደወለች፤ አልተነሳም ይሁን አልገባም፣ ከንፈሯን ነከሰች። ሚኒባሱ ተንቀሳቀሰ። ሴትየዋ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ አንገቷን አጎንብሳ ሄደች።

አራባ ለሴሎርም ደወለች። «አስገባው።»

ላርቴይ በመስኮቱ ብቅ አለ። «ማዳም፣ ሴትየዋ ሳይመጡ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ሲመጡ ምን ሊያሳዩዋቸው ነው?»

«ምንም» አለች አራባ።

ሴሎርም ገብቷል ብሎ ሲደውል ላርቴይ መኪናውን አስነሳ፤ ቁልቁል ወርደው ዞሩና ሽቅብ ወጡ። ሰውየው ሰማያዊውን ጀልባ ያለ አንዳች እንከን ከማደያው ወዲህ አሻገረው። «ደረሰ» አለ ላርቴይ በቀስታ። አራባ የሙከራውን ስልኮች አጠፋች። እንደገና እንዲዞርላት ጠየቀችው። ለምን እንደሆነ አላወቀችም፤ ቦታውን በዓይኗ እያየች ቀስ ብላ ልታልፈው ፈልጋ ይሆናል። ታች ደርሰው ሲዞሩ የራሷ ስልክ ጠራ።

«ጨረስኩ። ታክሲ ልይዝ ነው» አለች ኤውራማ። «የቱ ጋ ነሽ?»

«አይምጡ እትዬ። የሚታይ ነገር የለም። ተጠግኗል።»

«ምኑ?»

አራባ ነገረቻት። ወደ አክራ በሚመጣው መስመር ብቻ፣ ይሄ ቦታ ላይ፣ መስመሩ ይቆረጥ እንደነበር። እሷ እንዳልዘጋችበት፣ እሱም እንዳልዘጋው። ዛሬ ቀን እንደተገኘ፣ አሁን እንደተስተካከለ። የምትችለውን ያህል አሳጥራ ነገረቻት። ከወዲያ በኩል መጋዙ ቆሟል፤ የኤውራማ ትንፋሽ ይሰማል።

«አራባ፣ ሞኝ አደረግሽኝ? ስልኩ ያንቺ መሥሪያ ቤት፣ ታወሩ ያንቺ መሥሪያ ቤት። አንቺው አገኘሽው፣ አንቺው ጠገንሽው። እኔ ምን ይዤ እማዬ ፊት ልቁም? እስክመጣ ማቆየት አቅቶሽ ነው?»

«አዎ፣ አቃተኝ። ሰው እያለፈ ነበር።»

ኤውራማ ድምፏ ጠነከረ። «እሺ ይቆረጥ። ተቆርጧል እንበል። ሩብ ሰዓቱስ? መስመሩ የተቆረጠበት ሰው ወዲያው ነው የሚደውለው። እኔ ብሆን ወዲያው ነበር የምደውለው! ሩብ ሰዓቱንም ታወሩ ነው የበላው?»

መኪናው ሽቅቡን ጀምሯል። ላርቴይ በዝግታ ይነዳ ነበር፤ ከኋላ ያሉት ጥሩንባ ቢነፉበትም አልፈጠነም። ለዚህኛው ጥያቄ በኮምፒውተሩ ውስጥ መልስ አልነበረም። መልሱን ከአራባ በቀር የሚያውቀው ሰው አልነበረም፤ እሷም ለቄሱ እንኳ አልተናገረችውም።

«ቆይ አለኝ» አለች።

«ምን?»

«ማንኬሲም ላይ በጢስ የደረቀ ዓሣ ገዝቼልሻለሁ፣ መኪናውን አገማው፣ እያለ ያወራኝ ነበር። ይስቅ ነበር። ከዚያ ‹ክንዴን...› አለ። ከዚያ ‹ቆይ እስቲ፣ አንዴ ቆይ› አለኝና ድምፁ ጠፋ። ፖሊስ ሲያስቆመው እንደዚያ ብሎኝ ይዘጋ ነበር። ራሱ የዘጋው መሰለኝ። ቆይ ስላለኝ ቆየሁ። ስልኩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ቆየሁ፣ እትዬ። ሲነዳ በላይ በላዩ መደወል አይወድም ነበር። እስከ ዛሬ ቀን ድረስ እሱ የዘጋው ነበር የሚመስለኝ። አልዘጋውም። እያናገረኝ ነበር፤ እኔ አልሰማሁትም እንጂ እያናገረኝ ነበር።»

ኮኮናት ሻጮቹ በስተቀኝ አለፉ። የተቃጠለው ሣር አለፈ። መስመሩ አልተቆረጠም። ከኤውራማ ሱቅ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ፣ የአየር ማራገቢያው ሳይቀር፣ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። አንድ ሰው የቧንቧ ዋጋ ጠየቀ። «ዝም በል አንተ!» አለችው ኤውራማ። ከዚያ ወንበር ሲሳብ ተሰማ።

«ካንቺ በፊት ለኔ ደውሎ ነበር» አለች። ድምፏ ከእናቷ ጋር ስታወራ ከነበረው በጣም ያነሰ ነበር። «እዚያው ስልኩ ላይ፣ ካንቺ ዝቅ ብሎ፣ የኔ ስም ነው ያለው። ሰው እያስተናገድኩ ነበር። ጠርቶ ጠርቶ ተወው። ምን ሊለኝ እንደነበር እኔም አላውቅም።»

አራባ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘችው። ላርቴይ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም። ኤውራማ አፍንጫዋን ጠረገች።

«አታሚው ሳይዘጋ መሄድ አለብኝ» አለች። «የትኛውን ስምሽን ልስጠው? የቤተ ክርስቲያኑን ነው የቤቱን?»

«ሁለቱንም።»

«ሁለቱም ከገባ ፊደሉ ያንሳል።»

«ይነስ» አለች አራባ።

«ይነስ ካልሽ ይነስ። እማዬን እኔ አናግራታለሁ።» ቁልፍ ሲንቃጨል ተሰማ። «የት ደረስሽ?»

«ማደያውን አልፌያለሁ። ወደ እርስዎ እየመጣሁ ነው።»

«እንዳትዘጊው» አለች ኤውራማ። «ምንም አታውሪኝ፣ ግን እስክትደርሺ እንዳትዘጊው።»